ማሙሽ የሚል ፓስፖርት

ለምወድህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ከርመህልኛል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃው መሀል ላይ ቆመህ የሰው አጥር የምታይ እየመሰልክ ማረፍህን አልተውክም? መነጽርህስ ተገኘ ወይስ አሁንም የእማዬን አድርገህ ነው ጋዜጣ የምታነበው? እማዬ ወገቧን ተሻላት? የጆሮህን ነገር ትንሿን ልጅህን ጩጬን ብጠይቃት «ደህና ነው፤ መስማት የሚፈልገውን ይሰማል» አለችኝ። እንግዲያው እንደነበርክ ነህ ማለት ነው፣ እሰይ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ደህና ነኝ፣ አማችህ ደህና ነው፣ የልጅ ልጅህም ይጠባል፣ ይተኛል፣ ከኛ ጋር በየቢሮው ወረፋ ይጠብቃል። ደህና ያልነበረው የልጁ ወረቀት ነው፤ የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

በስልክ ልነግርህ ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። «አባዬ፣ ልጁን ማሙሽ ብለው ጻፉት እኮ!» ብዬ ስጮህ «አዎ፣ ማሙሽን ሳሚልኝ» ብለህ ዘጋኸው። ደግሜ ደወልኩ። «ፓስፖርቱ ላይ!» ስልህ «ፖስታ ቤቱ ጋ?» አልከኝ። ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ተጣሉ ብለው በር ሊያንኳኩ ምንም አልቀራቸው። ስለዚህ ይኸው አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ደብዳቤ ላክሁልህ። ራስህ አንብበው እንጂ ለጩጬ አትስጣት። እሷ እየሳቀች ስለምታነብ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ይመስልብሃል፤ ቀልድ ግን አልነበረም።

አማችህ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ መሆኑን ታውቃለህ፤ አንተ «ሰው ሰቅሎ ማውረድ ሥራ ሆነ» እያልክ የምትስቅበት። ድርጅቱ ሌላ አገር ሥራ ስላገኘ ወደዚያ አዛወረው። «ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ሂድ» ሲሉት ደስ ብሎን ነበር። ያልገባን ነገር፣ የኔም የልጁም እዚህ መኖር በሱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። እሱ ከወጣ የኔም የመኖሪያ ፈቃድ አብሮት ይዘጋል። እኔስ ፓስፖርት አለኝ፤ ወይ እሱን ተከትዬ እሄዳለሁ ወይ ወደ እናንተ እመጣለሁ። ልጁ ግን ፓስፖርት ከሌለው ወደዚያም አይሄድ፣ ወደ እናንተም አይመጣ፣ እዚህም አይቀር። ታዲያ የት ይሁን ብዬ የጠየቅኩት ሁሉ «እሱን እኛ አናውቅም፣ እዚያኛው መስኮት ጠይቂ» ይለኛል። እዚያኛውም ወደዚህኛው ይመልሰኛል።

ነገሩ የተበላሸው እኔ ከአልጋ ሳልወርድ ነው። ስሙን አንተ እንድታወጣለት ቃል ስገባልህ ትዝ ይልሃል? አንተም «ስም አይቸኮልም፣ ላስብበት» አልክ። አንተ ላስብበት ስትል ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ አላጣደፍኩህም። እኔን ሚጣ፣ ሚጣ ስትሉ ከርማችሁ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ «ስሟን ካልነገራችሁኝ አልጽፋትም» ብሎ በር ላይ ባያቆምህ እስካሁንም ስም አይኖረኝም ነበር። ድመቷም አርጅታ ጥርሷ ረግፎ ይኸው ድመቷ ናት። እና ልጁ ተወለደ፣ አንተም ማሰብ ጀመርክ።

ሐኪም ቤት ልደት የምትመዘግበው ሴትዮ ጎማ ያለው ጠረጴዛዋን እየገፋች መጣች። እኔን እንቅልፍ ጥሎኛል። አማችህ ልጁን አቅፎ ወዲያ ወዲህ እያለ «ማሙሽ፣ ማሙሽዬ» ይላል። «ስሙ ማን ነው?» አለችው። እሱም በዚያ በተሰባበረ ቋንቋው «ገና ነው፣ አያቱ እያሰቡ ነው» አላት። አያቱ ምን እንደሚያስቡ እሷ ከየት ትወቀው! «ታዲያ አሁን ምን እያልክ ነው የምትጠራው?» ብትለው «ማሙሽ» አላት። አልጋው ላይ ለሚንጠለጠለው ካርድ መስሎት እኮ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠረችው። ጎበዝ ሴት ናት፣ አንዷንም አልሳተች። ስነቃ ትልቅ ማህተም የተመታበት «ማሙሽ» የሚል የልደት ወረቀት ትራሴ አጠገብ ጠበቀኝ። እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ይስተካከላል አልን።

የምንሄድበትን አገር ቪዛ የሚሰጠው ቢሮ ወንበሮቹ እርስ በርሳቸው የተበየዱ ናቸው፤ ዳር ያለው ሰው ሲነሳ መሀል የተኛው ይነቃል። ውሃ አለ፣ ኩባያ የለም። የመስተዋቱ መናገሪያ ቀዳዳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰው አጎንብሶ ነው የሚጠይቀው። ከወዲያ ያለውን ቀጭን ወጣት ማህተሙን ከእጁ ስለማይለይ ባለማህተሙ ብለነዋል። ለልጁ ምን እንደሚያስፈልግ ብጠይቀው የራሱ ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀት፣ ፎቶ፣ የሁለታችን ስምምነት፣ የዚህ አገር መኖሪያ ፈቃድ እያለ ደረደረልኝ፤ የሁሉም ስም አንድ መሆን አለበት አለ። «ገና ይጠባል እኮ፤ በኔ ፓስፖርት አይሆንም?» ብለው «አይሆንም፣ እሱ ራሱን የቻለ ሰው ነው» አለኝ። ራሱንማ መቼ ቻለ! አንገቱን ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ደግሞ «የመግቢያ ማህተሙ የታለ?» አለ። እዚሁ ነው የተወለደው አልነው። «እሱ ይገባኛል፤ ግን በየት በኩል ገባ? ያልገባ ሰው እንዴት ይወጣል?» አለን። አማችህ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቅጹም ከሱ የተሻለ አልነበረም። ሥራ? የጋብቻ ሁኔታ? ከዚህ በፊት ከየትኛውም ቦታ ተባሮ ያውቃል? አማችህ «ከሆዷ ብቻ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶውን ቀማሁት። ሳቄ ግን እቤት ስደርስ ጠፋ፤ ምን አምጡ እንደተባልን ብናስታውስም የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ሁለታችንም አላወቅንም።

ፎቶውን ልንገርህ። ዓይኑ የተከፈተ፣ አፉ የተዘጋ፣ የሌላ ሰው እጅ የማይታይበት መሆን አለበት ይላሉ። ልጁ ደግሞ ዓይኑን ሲከፍት አፉንም ይከፍታል፣ አፉን ሲዘጋ ይተኛል። ፎቶ አንሺው ነጭ አንሶላ አልብሶ ወንበር አደረገኝ፤ ከአንሶላው ሥር ሆኜ ልጁን ይዤ «እሽሩሩ» እላለሁ። «ወንበሩ አይናገር!» ይለኛል። በመጨረሻ የተሳካችው ፎቶ ላይ ልጁ ተቆጥቷል። ዜና እየሰማህ ሰው ሲያቋርጥህ የምታሳየውን ፊት ታውቀዋለህ? ቁርጥ አንተን።

ከዚያ ወደኛ ሰዎች ቆንስላ ሄድን። በቋንቋዬ ግራ መጋባት እንኳ ናፍቆኝ ነበር። መዝገብ የያዘችው ሴት «የኔ እህት፣ ግቢ፣ ልጁን ከነፋስ አርቂው» አለችኝና ሆዴ ባባ። የልደት ወረቀቱን አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ እንደገና አነበበች። «ስሙን ነው እንጂ የጠየቅኩሽ» አለች። ስሙ ነው አልኳት። «ማሙሽ?» ብላ ሳቋ ከወንበሯ ሊያወርዳት ደረሰ። «እኔም ቤት አንድ ማሙሽ አለ፣ ጢሙን ይላጫል!» አለች። ስቃ ስትጨርስ ግን ቁርጡን ነገረችን። ማሙሽ የቤት መጠሪያ እንጂ ስም አይደለም፤ ስሙን አውጥታችሁ፣ የልደት ወረቀቱን አሳርማችሁ ኑ፣ ያኔ ፓስፖርት እንሰጣችኋለን አለች።

ለማሳረም ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያ ደግሞ «ይታረማል፣ ግን የልጁን ፓስፖርት አምጡ» አሉን። ፓስፖርት ለማውጣት ነው የምናሳርመው ብንላቸው፣ እንግዲያው በፍርድ ቤት ነው አሉን። ፍርድ ቤቱ የሰጠን ቀጠሮ አማችህ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን አልፎ ይሄዳል። አባዬ፣ እኔ የሰው ልብስ ሳሳጥርና ሳስረዝም የምውል ሰው ነኝ፤ ውሉ የጠፋበት ክር ብዙ ፈትቻለሁ። ይሄኛው ግን ሁለቱም ጫፉ ጠፋብኝ። ስሙን ለማረም ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ስም። አሁን ስጽፍልህ እንኳ በየት በኩል እንደጀመርኩ ተምታታብኝ።

አማችህ «አልሄድም» አለ። ካልሄድክ እዚህስ ምን ትሠራለህ፣ ቦታህን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል አልኩት። «ታዲያ ጥያችሁ ልሂድ?» አለኝ። «ሂድ!» አልኩት፤ ተናድጄ ነው እንጂ ልቤ አላለውም። ይህን የምንባባለው የልጁን ሽንት ጨርቅ እየቀየርን ነው፤ እሱ አንዱን እግር ይዟል፣ እኔ አንዱን። ልጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ፈገግ ይላል። ያን ቀን እውነቴን ነው የምልህ ፈራሁ። ሰው ሁሉ ከሆነ ቦታ የመጣና የሆነ ቦታ የሚሄድ ነው። የኔ ልጅ ግን የመጣበትም የሚሄድበትም የጠፋ ሆኖ ታየኝ።

ጩጬ የደወለችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። «አባዬ ስም አወጣ!» እያለች ትጮሃለች። ጺምህን በግማሽ ተላጭተህ፣ አረፋው ከነፊትህ፣ ከመታጠቢያ ቤት ወጥተህ ነው የነገርካት አሉ። እንዳትሳሳትም ደጋግመህ አስባልካት። ስሙን ስሰማ አለቀስኩ። ልጁን አየሁት። አንዳንድ ልብስ ገና ከመለካቱ በፊት ለማን እንደሚሆን በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ ይሄም እንደዚያ ነው፣ የትም አይጠብበው፣ የትም አይሰፋው። ይህን ያህል ጊዜ ማሰብህ ለካ በከንቱ አልነበረም። ስሙን እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፣ ወረቀት ስለፈራሁ ነው። እዚህ አገር አንዴ ወረቀት ላይ የወጣ ነገር አይመለስም።

በማግስቱ ከቆንስላው ተጠራን። ያቺ ሴት አለቃዋን አማክራልን ኖሯል፣ እግዜር ይስጣት። አለቃዋ «ማሙሽ ተብሎ መታወቂያ ያወጣ አጎት አለኝ፤ ማን ከለከለው? ወላጆቹ ስሙ ይሄ ነው ብለው ከፈረሙ ይሰጣቸው» አለ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችልኝ። «የልጃችን ስም ማሙሽ ነው፤ ሌላ ስም የለውም» ይላል። ሌላ ስም የለውም! ገና ትናንት ያወጣህለት ስም ጆሮዬ ላይ እያለ። ይህን መስመር ብታወጪልኝስ አልኳት፤ እሱ ከወጣማ ዋጋ የለውም አለችኝ። አማችህን ብዞርበት «የአባትሽ ነገር ነው፣ አንቺ ወስኚ» አለኝ። ጎበዝ! ሲያስጽፈው አልጠየቀኝ።

ፈረምኩ አባዬ። አንተ ያወጣህለትን ስም ይዤ ፍርድ ቤት ብሄድ ልጁን ይዤ የትም ላልደርስ ነበር። ፊርማዬ ግን የኔ አይመስልም። ስወጣ አንተ አጠገቤ ያለህ ይመስል ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ። ተቀየምከኝ? ያ አረፋ ፊትህ ላይ እንዳለ እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት።

ፓስፖርቱ ወጥቶ ይኸው አለቀ ስንል ደግሞ ባለማህተሙ የፈረምንበት ይተርጎም አለ። ተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው፤ ጠንቃቃ፣ አንድ ቃል የማያልፍ። ምን ብሎ ቢተረጉመው ጥሩ ነው? «የልጃችን ስም ትንሽ ልጅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።» ባለማህተሙ አነበበና በሐዘን አየን። እንደገና አስተረጎምን። የመግቢያ ማህተሙን ነገር ግን ያው ባለማህተሙ ራሱ ሄዶ ጠይቆልን፣ እዚህ ለተወለደ ሰው ሌላ ማህተም አለ አለን። ከመጀመሪያው ለምን እንዳልነበረ አልጠየቅሁትም። ጠይቄ ቢጠፋስ።

ቪዛው የወጣ ዕለት የሆነውን ልንገርህና ልጨርስ፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ለዚሁ ነው። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ባለማህተሙ በድምጽ ማጉያው «ማሙሽ!» ብሎ ተጣራ። የኛን ቋንቋ የሚያውቁ ሁሉ ዘወር ዘወር አሉ፣ የሳቁም ነበሩ። እኔ ልጁን አስተካክዬ ልነሳ ስል ከኋላ አንድ ሰው «አቤት!» ብሎ ብድግ አለ። ጸጉሩ ነጭ የሆነ፣ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ነው፤ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዟል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ነቃና ቆመ። እንዴት እንዳፈረ! መስኮቱ ጋ እኔን ከነልጁ ሲያየኝ ገባው።

ቪዛውን ይዘን ስንመለስ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ይቅርታ ልጄ፣ ሳላስበው ነው። እናቴ ካለፈች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም» አለኝ። ልጁን ማቀፍ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝና ሰጠሁት። «ማሙሽ፣ ሞክሼዬ» አለው። አማችህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔማ ተወኝ፣ አለቀስኩ። ባለማህተሙ ቪዛው ላይ ስህተት ያገኘን መስሎት «ምን ተሳሳተ?» እያለ በድምጽ ማጉያው ይጠይቃል።

እና ይኸው አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ሌላው ሰው ውጭ በስሙ ይጠራል፣ ቤቱ ሲገባ ማሙሽ ይባላል። የኛው ተገልብጧል፤ ውጭ ማሙሽ ነው፣ ስሙ ያለው ቤት ነው። ነገ ጢም አብቅሎ፣ ከነገ ወዲያ ሸብቶ፣ የየአገሩ ኮስታራ ሁሉ ከመስኮት ወዲያ ሆኖ «ማሙሽ» ሊለው ነው። መጀመሪያ ሳስበው አፈርኩለት። ከዚያ ሽማግሌ ወዲህ ግን እንዲያውም እቀናበታለሁ። እኔን እዚህ ሰው ሁሉ በሙሉ ስሜ፣ አንተ በር ላይ ባወጣህልኝ ስም ነው የሚጠራኝ። ከተለየኋችሁ ወዲህ ሚጣ ያለኝ የለም። ይህን ስጽፍ ነው ልብ ያልኩት።

በያዝነው ሳምንት እንነሳለን። የምሰፋበትን ሱቅ ተሰናብቻለሁ፤ አሠሪዬ ለልጁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችውን ብርድ ልብስ ሰጠችኝ፣ ጠርዙ ላይ ማሙሽ ብላ ጠልፋበታለች። የምንሄድበት አገር ደግሞ ምን እንደሚጠይቁን አላውቅም። «ማሙሽ መቼ ነው ሰው የሚሆነው» ቢሉኝም አይገርመኝም። ብቻ ልጁ አብሮን ነው፣ ሌላውን እዚያው እንደርስበታለን።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ የሐኪሙን መድኃኒት ሳታቋርጥ ትውሰድ በላት። ጩጬን ስሙን አልተሳሳትሽም በላት፣ ሳቋንም ትቀንስ። የአክስቴን ቤት ሰዎች፣ ከላይ ቤት ያሉትን ባልና ሚስት ሰላም በሉልኝ። ድመቷን ከምድጃው ሥር አታባርሯት፣ ብርድ አትችልም፤ ማሰብ ከጀመርክ አይቀር እስቲ ለሷም አስብላት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ አባዬ። ማሙሽ የሚለው ሰው ከእንግዲህ በየአገሩ ሞልቷል፤ አንተ ስትደውል በስሙ ጥራው። እንደልማድህ ጮክ በል፣ ጎረቤትም ይስማ። አፍ እስኪፈታ ድረስ «አቤት» የምልልህ እኔ ነኝ።

ሚጣህ
ከምንለቀው ቤት፣ ሻንጣ ላይ ተጽፎ
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን